ኮሶና ኤፕሶም ጨው፤ የማስቀመጫ መድኃኒት ታሪክ በጣና ዳርቻ

ሕመሙም መድኃኒቱም በአንድ ስም ሲጠሩ በአማርኛ እምብዛም አይገኝም። ኮሶ ግን እንዲህ ነው። ዛፉ ኮሶ ነው፤ ከዛፉ አበባ የሚዘጋጀው መራራ መጠጥ ኮሶ ነው፤ መጠጡ ከሆድ የሚያወጣው ረጅም ትልም ያው ኮሶ ይባላል። «ኮሶ ታየው» ሲባል ሕመሙ፣ «ኮሶ ጠጣ» ሲባል መድኃኒቱ መሆኑን ሰሚው ሁሉ ያውቃል። ፊቱን ያኮሳተረውም ሰው «ኮሶ የጠጣ ይመስላል» ይባልለታል። አንድ መድኃኒት ከቋንቋ ጋር እስከዚህ ድረስ መዋሐዱ ዘመኑ ረጅም፣ ተጠቃሚውም ብዙ እንደነበረ ያመለክታል።

በጣና ዳርቻና በዓባይ ማዶ ያለው አገር ግን የኮሶ ጠጪ እንጂ የኮሶ አብቃይ አይደለም። ዛፉ ደጋ ወዳድ ሲሆን ደኅና አድርጎ የሚበቅለው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 እስከ 3,300 ሜትር ከፍታ ባለው ምድር ነው። ሐይቁና ባሕር ዳር የሚገኙት ደግሞ በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ የሐይቁ ዳር ሰው የሚጠጣው ኮሶ እንደ ጉናና እንደ ጮቄ ካለው ደጋ ወርዶ፣ ደርቆና ታስሮ ለገበያ የቀረበ አበባ ነው። ዛሬ ዓባይ ማዶ የተባለው ሠፈር ከከተማው ጋር በድልድይ የተያያዘ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ከደጋ የወረደው ዕቃ ሁሉ፣ መድኃኒቱም ጭምር፣ ወንዙን የሚሻገረው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ነበር።

ኋላ ላይ በዚሁ አገር ኮሶ ብቻውን አልቀረም። ከባሕር ማዶ የመጣ ነጭ ጨው፣ ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባለውና በመጀመሪያ ከተገኘባት ከተማ ስም ኤፕሶም ጨው የተባለው፣ በሐኪም ቤት መደርደሪያ ላይ ቦታ ያዘ። ሁለቱም ሆድ ያስቀምጣሉ። ሆኖም አንዱ ትል ገዳይ ሲሆን ሌላው ትልን ፈጽሞ አይነካም። የሁለቱ ታሪክ አንድ ላይ ሲነበብ ማስቀመጥ ራሱ ምን ሲሠራ እንደኖረ የሚያሳይ ነገር ይገኝበታል። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» የሚል ካልተጻፈበት በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ኮሶ አወሳሰድ ሰፋ አድርጎ ከጻፉት የውጭ ሰዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ በጣና ዳርቻ አልፎ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ግሽ ዓባይ ደረሰ። በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ ውስጥ ስለ ኮሶ የሰጠው መግለጫ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። እንደ እርሱ አነጋገር ሀበሾች ወንድ ሴት፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይለይ በየወሩ ትል ያወጣሉ፤ ለዚህም አንድ እፍኝ ደረቅ የኮሶ አበባ ሁለት ሊትር ያህል በሚሆን የጤፍ ጠላ ዘፍዝፈው ያሳድሩና በማግሥቱ ይጠጡታል። ኮሶ የጠጣ ሰው ከጧት እስከ ማታ ቤቱን ዘግቶ ይውላል፤ ለወዳጆቹም ቢሆን አይታይም። ሀበሾች ከአገራቸው ርቀው የማይጓዙት፣ ከተጓዙም ዕድሜያቸው የሚያጥረው፣ ይህን መድኃኒት በሌላ አገር ስለማያገኙ ነው እየተባለ ይነገር እንደነበረም ጨምሮ ጽፏል።

ብሩስ አንድ ነገር ተሳስቷል። የሚወጣው ትል የኮሶ ትል ሳይሆን ሌላ ዓይነት ትንሽ ትል ነው ብሎ አጥብቆ ጽፏል። ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውና ጠፍጣፋ ሰንሰለት የሚመስለው የኮሶ ትል ክፍልፋዮቹን እየበጠሰ ስለሚያወጣ፣ እያንዳንዱ ክፍልፋይ ራሱን የቻለ ትል መስሎት ይሆናል። ስሕተቱ ግን ብዙ አያስወቅሰውም። የትሉ ዑደት በከብት ሥጋ በኩል የሚያልፍ መሆኑ ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሎይካርት ጥጃ ላይ ባደረገው ሙከራ የተረጋገጠው እርሱ ከጻፈ ከ70 ዓመት በኋላ በ1861 ገደማ ነው። የጎንደርና የጎጃም ሰው ደግሞ መንሥኤውን ሳያውቅ መድኃኒቱን አግኝቶ ይዞ ኖሯል።

ብሩስ ስለ ጊዜው የሰጠው ቃል ግን ትኩረት የሚገባው ነው። እርሱ «በየወሩ» ይላል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ተጓዦች ብዙውን ጊዜ «በየሁለት ወሩ» ይላሉ። ይህ ልማድ እንዲያው ከባህል የተወለደ አይደለም። ኮሶ ብዙውን ጊዜ የሚያወጣው የትሉን ሰንሰለት እንጂ ከአንጀት ግድግዳ ጋር የተጣበቀውን ራስ አልነበረም። ራሱ ከቀረ ትሉ እንደገና ያድግና ሁለት ወር ከመንፈቅ ወይም ሦስት ወር ያህል ሲሞላው ክፍልፋዮቹ ይታያሉ። ስለዚህ «ኮሶዬ ደረሰ» ብሎ ቀኑን የሚቆጥረው ሰው ሳያውቀው የትሉን የዕድገት ጊዜ እየቆጠረ ነበር። በዚህ ዐይን ሲታይ ኮሶ ሕመሙን በልክ ይዞ የሚያኖር እንጂ ፈጽሞ የሚነቅል መድኃኒት አልነበረም ማለት ይቻላል። ጥሬ ሥጋው ካልተተወ ደግሞ ፈጽሞ የሚነቅል መድኃኒት ቢገኝም ትሉ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም ነበር።

የኮሶ ቀን ሥርዐት የታወቀ ነው። ለመድኃኒትነት የሚመረጠው የሴቴው ዛፍ ቀላ ያለ አበባ ነው። አበባው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ በውኃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፤ ጠጪው ከዋዜማው ጀምሮ ሆዱን ያቀልላል፤ በጧት በባዶ ሆድ አፍንጫውን ይዞ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ማቅለሽለሹን በሎሚ ወይም በሌላ ነገር እያስታገሠ፣ ሥራ ሳይሠራ፣ እንግዳ ሳይቀበል ይውላል። ኮሶ ጠጥቻለሁ ማለት ለጌታም ለሎሌም በቂ ምክንያት ነበር፤ የሚጠራው አይጠራውም፣ የሚከሰሰውም ቀን ይሰጠው ነበር። ቤተሰቡ የሚጠባበቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ሆዱ መጠረጉንና ትሉ መውጣቱን ነው። «ሻረለት» የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

የዛፉ ሳይንሳዊ ስም ታሪክ ለመድኃኒት ባለሙያ የተለየ ደስታ የሚሰጥ ነው። ብሩስ ዛፉን በእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሊጠራው ፈልጎ ነበር፤ ስሙ ግን አልጸናም። በ1791 ጀርመናዊው ግሜሊን «ሀጌንያ አቢሲኒካ» ብሎ የሰየመው ሲሆን፣ መታሰቢያነቱም በኮኒግስበርግ ከተማ መድኃኒት ቀማሚና የኬሚስትሪ መምህር ለነበረው ለካርል ጎትፍሪድ ሀገን ነው። እንግዲህ የኢትዮጵያ ደጋ ዛፍ እስከ ዛሬ የሚጠራው በአንድ ፋርማሲስት ስም ነው። ይህ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪም ብራየር በቁስጥንጥንያ ሳለ የኮሶን ፈዋሽነት ተረድቶ ናሙናውን ወደ ፓሪስ ወሰደ፤ የዕፅዋት ሊቁ ኩንትም በ1824 በዚህ ሐኪም ስም «ብራየራ» ብሎ ሌላ ስም አወጣለት። ከዚያ በኋላ የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች በውድ ዋጋ የሚሸጥ ሆነ፤ በ1864 በታተመው የብሪታንያ ፋርማኮፒያም ቦታ አገኘ። የመጠኑም ነገር ተለወጠ። የእፍኙ ልክ በሚዛን ተተክቶ 15 ግራም ያህል ሆነ።

ጨው ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። ከለንደን በስተ ደቡብ በምትገኘው በኤፕሶም በ1618፣ ድርቅ በጠናበት በጋ፣ ሄንሪ ዊከር የተባለ ሰው ከብቶቹን ውኃ ሊያጠጣ ቢሞክር ከብቶቹ አንጠጣም አሉ ይባላል። ውኃው መራራ ነበር፤ ሰው ሲጠጣው ደግሞ ሆድ ያስቀምጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ኤፕሶም ሕዝብ እንደ ጠበል የሚጎርፍባት ከተማ ሆነች። ሐኪሙ ነህምያ ግሩ ከውኃው ስለሚገኘው መራራ ጨው በ1695 መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1698ም ጨውን የማዘጋጀት መብት በንጉሣዊ ፈቃድ ተሰጠው። ጣሊያኖች ይህን ጨው «የእንግሊዝ ጨው» ማለታቸው ከዚህ የተነሣ ነው። አጋጣሚው ሲታይ ደስ ይላል፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ አፄ ኢያሱን ለማከም ከካይሮ የተነሣው በዚያው በ1698 ሲሆን ጎንደር የገባው በማግሥቱ ዓመት ነው። በሁለቱ አገሮች ሰው ሆዱን የሚያጸዳው በመራራ ነገር መሆኑ ያው ነበር፤ የእንግሊዙ ግን ፈቃድ የወጣበት ንግድ ሆኗል።

ጨው ከሌሎች መሰሎቹ የተለየ ነገር መሆኑን ለይቶ ያሳወቀው የኤዲንብራው ጆሴፍ ብላክ በ1750ዎቹ ባደረገው ጥናት ነው፤ ብረቱን በኤሌክትሪክ ኀይል የለየው ደግሞ ሃምፍሪ ዴቪ በ1808 ነው። አየርላንዳዊው ሐኪም ጄምስ መሬይ በ1829 ፈሳሽ ማግኒዥያ አዘጋጀ። በአሜሪካም ቻርልስ ፊሊፕስ በ1873 «የማግኒዥያ ወተት» የተባለውን፣ መራራነት የሌለውን ነጭ ፈሳሽ በስሙ አስመዘገበ። መራራውን ጨው ለመጠጣት የሚያቅማሙ ሕፃናትና አረጋውያን ሁሉ በዚህ ፈሳሽ አማካይነት የማግኒዥየም ደንበኛ ሆኑ። እግረ መንገድን ለመጥቀስ ያህል፣ ማግኒዥየም ከኢትዮጵያ ምድር የራቀ ነገር አይደለም። በዳሎል የፖታሽ ክምችት ውስጥ ካይናይትና ካርናላይት የሚባሉት የማግኒዥየም ጨዎች ሞልተዋል። ጣሊያኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከመርሳ ፋጢማ ወደብ ተነሥቶ ወደዚያ የሚያመራ የባቡር ሐዲድ ዘርግተው ነበር። የፈለጉት ግን ፖታሹን ነበር እንጂ ማስቀመጫውን አልነበረም።

የጨው አሠራር ቀላል ነው። ማግኒዥየምም ሰልፌትም ከአንጀት ወደ ደም የሚገቡት በጥቂቱ ነው። የቀረው በአንጀት ውስጥ ተቀምጦ ውኃን ይይዛል፤ ካስፈለገም ከሰውነት ይስባል። የአንጀቱ ይዘት ሲሞላና ሲቀጥን አንጀት ይንቀሳቀሳል፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥም ሆድ ይጠረጋል። ከጨው ጋር በቂ ውኃ መጠጣት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ አለዚያ ውኃው የሚወሰደው ከታማሚው ሰውነት ይሆናል። ጨው መርዝ አይገድልም፤ ትልም አይገድልም፤ የሚሠራው ጠረጋ ብቻ ነው።

ታዲያ ከትል መድኃኒት ጋር የተገናኘው እንዴት ነው? አውሮፓውያን ኮሶን ከማወቃቸው በፊትም ሆነ ካወቁት በኋላ ለኮሶ ትል አብዝተው የሚጠቀሙት «ወንዴ ፈርን» የሚባለውን ተክል ሥር ነበር። የዚህ ሥርና የኮሶ አበባ ኀይላቸው የሚመነጨው ተቀራራቢ ከሆኑ ውሕዶች ሲሆን፣ ኬሚስቶች የፍሎሮግሉሲኖል ወገን ይሏቸዋል። እነዚህ ውሕዶች በውኃ አይሟሙም፤ በዘይትና በአልኮል ግን ይሟሟሉ። በአንጀት ውስጥ እስካሉ ድረስ ትሉን ያደነዝዛሉ፤ ወደ ደም ከገቡ ግን ሰውየውን ራሱን ይጎዳሉ። የወንዴ ፈርን መድኃኒት ወስደው የዐይናቸውን ብርሃን ያጡ፣ የሞቱም ሰዎች ነበሩ። ከዚህም የተነሣ የሕክምና መጻሕፍት አንድ ጥብቅ ሕግ ደነገጉ፤ ከወንዴ ፈርን በኋላ የጉሎ ዘይት መስጠት ክልክል ነው፤ ዘይቱ መርዙን አሟሟቶ ወደ ደም ያስገባዋልና። መሰጠት ያለበት የጨው ማስቀመጫ፣ ማለት ማግኒዥየም ሰልፌት ወይም ሶዲየም ሰልፌት ነው።

በዚህ ሕግ ውስጥ ያለው ሐሳብ ተደጋግሞ የማይነገር ነው። ማስቀመጫው የሚሰጠው የደነዘዘው ትል ከመንቃቱ በፊት ተጠርጎ እንዲወጣ ነው መባሉ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ መድኃኒቱ ራሱ ሥራውን እንደ ጨረሰ ከሆድ እንዲወጣ መደረጉ ነው። ጠረጋው ታማሚውን ከትሉ ብቻ ሳይሆን ከመድኃኒቱም ያድነው ነበር።

ወደ ኮሶ ተመልሶ ማየት የሚገባው በዚህ ብርሃን ነው። ኮሶ ትል ገዳይነቱንና ማስቀመጫነቱን በአንድ ጽዋ የያዘ መድኃኒት ነው። ብዙውን ጊዜ ራሱን በራሱ ጠርጎ ይወጣል። የጎንደርና የጎጃም ሰዎች ብዙ ትውልድ ሙሉ በየሁለት ወሩ እየጠጡት አብዛኛዎቹ ሳይጎዱ መኖራቸው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ቀኑን ሙሉ ቤት መዋሉ፣ ሆድ እስኪጠረግ ምግብ አለመቅመሱ፣ ቤተሰቡም መጠባበቁ ለወግ ያህል ብቻ የተደረገ አይመስልም። ነገር ግን ሆዱ ያልተጠረገለት፣ መጠኑን ያበዛ፣ ባንድ ቀን ደግሞ የጠጣ ወይም ሰውነቱ የደከመ ሰው ሲኖር ነገሩ ሌላ ይሆናል። ሮኮስ የተባሉ ሐኪም በ1969 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ያሳተሙት ጥናት በኮሶ መመረዝ ስለሚደርስ የዐይን ጉዳት የሚናገር ነው። በ1985ም በጫጩቶች ላይ የተደረገ የውጭ አገር ምርምር ኮሶና ከእንቆቆ ጋር የሚዛመድ አንድ ተክል የዐይንን ሬቲና እንደሚጎዱ አሳይቷል። የእርጉዝ ሴትና የኮሶ ነገር ደግሞ ዱሮም የታወቀ ነው፤ ጽንስ ለማስወረድ የጠጡትና የተጎዱበት አሉ። የኮሶ ቸርነት ከጠረጋው ጋር የተያያዘ ነበር፤ ጠረጋው ሲቀር ቸርነቱም ይቀራል።

ዘመናዊ ሕክምና በጣና ዙሪያ ሥር የሰደደው ዘግይቶ ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። በባሕር ዳርም ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተቋቋመ። በዚያ ዘመን የሕክምና መማሪያዎች ለኮሶ ትል የሚያዝዙት በመጀመሪያ ለወባ የተሠራውን ሜፓክሪንን ነበር። ታማሚው ከጾመ በኋላ ሜፓክሪኑን ይወስዳል፤ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ማግኒዥየም ሰልፌት ወይም ሶዲየም ሰልፌት ይጠጣል፤ ትሉም በሜፓክሪኑ ቢጫ ቀለም ተነክሮ ይወጣል። ቢጫ መሆኑ ለላቦራቶሪ ሠራተኛ ይረዳዋል፤ ከሰገራው ውስጥ የመርፌ ራስ የሚያህለውን የትሉን ራስ ፈልጎ ማግኘት የእርሱ ሥራ ነበርና። ራሱ ካልተገኘ ሕክምናው እንደ ተሳካ አይቆጠርም፤ ታማሚውም ሦስት ወር ያህል ይጠባበቃል። ዱሮ ቤተሰብ በግምት ይጠብቀው የነበረው አሁን በወንፊትና በውኃ ይመረመር ጀመር።

በ1960 የባየር ኩባንያ ኒክሎሳማይድን ካወጣ በኋላ ነገሩ ቀለለ። ታማሚው ሁለት ግራም ያህል አኝኮ ይውጣል፤ ትሉ በአንጀት ውስጥ ይሞታል፤ ብዙውን ጊዜም ተፈጭቶ ስለሚወጣ ራሱን መፈለግ ትርጕም የለውም። ለከብት ሥጋው ትል ማስቀመጫ አስፈላጊ አልሆነም። ለአሳማ ሥጋው ትል ግን ጨው ቦታውን ጥቂት ይዞ ቆየ፤ ምክንያቱም ከሞተው ትል የሚፈሱት እንቁላሎች በሆድ ውስጥ ከቆዩ ወደ ሥጋና ወደ አንጎል የመዛመት አደጋ ያመጡ ይሆናል ተብሎ ይፈራ ነበር። በኢትዮጵያ በብዛት የሚታየው የከብት ሥጋው ትል በመሆኑ ይህ ጭንቀት እዚህ ብዙ ቦታ አልነበረውም። ቀጥሎ ፕራዚኳንቴል መጣና በትንሽ መጠን አንድ ጊዜ በመዋጥ ነገሩ አለቀ። የኮሶን ቀን የሚያህል ቀን፣ መጾም፣ መጠባበቅ፣ በር መዝጋት ሁሉ ቀረ።

ማስቀመጫው ግን አልቀረም፤ ከትሉ ተለይቶ ብቻውን ቆመ። ሰው ሆዱን ሳይታመም ሆድ ለማጽዳት፣ ምግብ ሲከብደው፣ ራሱን ሲያመው፣ አንዳንዱም ክብደት ለመቀነስ ጨው ይጠጣል ወይም የማግኒዥያ ወተት ይወስዳል። በቅርብ ጊዜ ደግሞ ማግኒዥየም በሌላ ካባ መጥቷል። ለእንቅልፍ፣ ለጡንቻ መሸማቀቅ፣ ለድካም ተብሎ በእንክብል የሚሸጠው የማግኒዥየም ማሟያ ብዙውን ጊዜ ኦክሳይድ ወይም ሲትሬት ነው። ሁለቱም ሆድ ያስቀምጣሉ፤ ድርቀት ያለበት ሰውም ይህን አውቆ ማሟያውን እንደ ማስቀመጫ መዋጥ ጀምሯል። ይህ ከንቱ ብልሃት አይደለም፤ ንጥረ ነገሩ ያው ነውና። በ1997 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ለአዋቂ ሰው ከማሟያ የሚገኘው ማግኒዥየም በቀን ከ350 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የወሰነውም ሌላ ነገር ፈርቶ ሳይሆን መጀመሪያ የሚታየውን ጉዳት፣ ተቅማጥን፣ መለኪያ አድርጎ ነው። የማሟያው የላይኛው ወሰን የማስቀመጫው መነሻ ነው ማለት ነው። በሂሳብ ሲታይ 10 ግራም ኤፕሶም ጨው አንድ ግራም የሚጠጋ ማግኒዥየም ይይዛል፤ ከወሰኑ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ነው። አንድ ቀን ቢጠጣና ቢጠረግ ጤነኛ ሰውን አይጎዳም፤ በየቀኑ ሲሆን ግን ሌላ ነው።

የአደጋው በር ኩላሊት ነው። ከአንጀት ወደ ደም የገባውን ጥቂት ማግኒዥየም የሚያስወጣው እርሱ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ማግኒዥየሙ ይጠራቀምበታል፤ ጡንቻው ይዝላል፣ የጉልበት ምላሹ ይጠፋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ መጨረሻውም የትንፋሽና የልብ መቆም ሊሆን ይችላል። አንጀቱ የታሰረ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ያልተጠረገው ጨው በሆዱ ስለሚቆይ ጊዜ አግኝቶ ወደ ደም ይገባል። እዚህ ላይ የኮሶ ታሪክ መልኩን ለውጦ ይደገማል። በጃፓን ማግኒዥየም ኦክሳይድ ከ19ኛው ምእተ ዓመት ጀምሮ ለሆድ ድርቀት ሲታዘዝ የኖረ፣ ማንም የማይፈራው መድኃኒት ነበር። በ2008 ግን በአረጋውያን ላይ የሞት አደጋ ጭምር በማስከተሉ የአገሪቱ የጤና ባለሥልጣኖች ለሐኪሞችና ለመድኃኒት ቤቶች ማስጠንቀቂያ አወጡ። የተጎዱት ለረጅም ጊዜ የወሰዱት፣ ኩላሊታቸውም የደከመ ሰዎች ነበሩ።

ይኸው ጨው በሆስፒታል ሌላ ሥራ እንዳለው ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። በእርግዝና ጊዜ በሚመጣ የደም ግፊት ለሚንቀጠቀጡ እናቶች ማግኒዥየም ሰልፌት በመርፌ ይሰጣል። በ2002 ውጤቱ የታወቀው ከ10,000 በላይ እናቶች የተካተቱበት የ33 አገሮች ጥናት መድኃኒቱ መንቀጥቀጡን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንሰው አረጋግጧል። በዚያ ክፍል ነርሷ የእናቲቱን የጉልበት ምላሽ ትነካለች፣ ትንፋሿን ትቆጥራለች፣ ሽንቷን ትለካለች፤ ካልሲየም ግሉኮኔትም በአጠገቧ ታስቀምጣለች። በመድኃኒት ቤት መስኮት ደግሞ ይኸው ንጥረ ነገር ያለ አንዳች ጥያቄ ይሸጣል።

ለጣና ዳርቻ ሰው ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላም አለ። እዚህ አገር የሚበላው ጤፍ ራሱ በማግኒዥየም የበለጸገ እህል ነው፤ 100 ግራም ጤፍ 180 ሚሊግራም ያህል ይይዛል። እንጀራና ሽሮ የሚበላ ጤነኛ ሰው ማግኒዥየም አነሰህ ሲባል ቢጠራጠር አያስደንቅም። ድርቀት የያዘው ሰው ከእንክብል በፊት የሚጠየቀው ስለሚጠጣው ውኃ፣ ስለ ብረት ክኒን፣ ስለ ሕመም ማስታገሻ ነው። ማሟያውን ለመግዛት የመጣውም ሰው ቴትራሳይክሊን ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን እየወሰደ ከሆነ ሁለቱን ማራራቅ አለበት፤ ማግኒዥየሙ መድኃኒቱን በአንጀት ውስጥ አስሮ ከጥቅም ውጪ ያደርገዋልና።

ኮሶም ከአገሩ አልጠፋም። ዛፉ ለእንጨቱ ሲባል እየተቆረጠ በመመናመኑ በ1994 የወጣው የደን አዋጅ እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አራት የአገር በቀል ዛፎች አንዱ ሆኗል፤ አበባው ግን ዛሬም በአማራ ክልል ገበያዎች ደርቆ ይሸጣል። የሚለካውም እንደ ብሩስ ዘመን በእፍኝ ነው። አንዱ እፍኝ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ያለፈው ዓመት አበባ ከዘንድሮው ኀይሉ አንድ አይደለም፤ ጠጪውም በዱሮው ሥርዐት ቤት ዘግቶ አይውልም። ጧት ጠጥቶ ወደ ሥራ ይሄዳል፤ ሆዱ ካልተጠረገለት ከሰዓት በኋላ ለመድኃኒት ቤት ሠራተኛ የሚያስቀምጥ ነገር ስጠኝ ይለዋል፤ ጧት ምን እንደ ጠጣ ግን ካልተጠየቀ አይናገርም። በዚህ ጊዜ የጉሎ ዘይት የተሰጠው ሰውና ጨው የተሰጠው ሰው ዕድላቸው አንድ ላይሆን ይችላል፤ ዐይኑ እየደበዘዘበት የመጣ ከሆነም ቦታው መድኃኒት ቤት ሳይሆን ሆስፒታል ነው።